ከወናፍ እስከ ግማሽ ምላጭ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመላጨት ታሪክ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚዘረጋው፣ በአንድ ወገን በበሽሎ ከወሎ፣ በሌላው ወገን በዓባይ ከጎጃም የሚለየው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በታሪክ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዜማ ሊቃውንቱና የነገሥታት ጦር ስለ ተመላለሰበት መንገዱ ነው። ነገር ግን የሊቁንም የወታደሩንም፣ የልጃገረዲቱንም የሐዘንተኛዪቱንም ራስ በየዘመኑ የዳሰሰ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ብዙ ያልጻፉለት አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ምላጭ ነው። ይህ መሣሪያ ከአገር ቀጥቃጭ እጅ ወጥቶ በባሕር ማዶ ፋብሪካ እስኪተካ ድረስ ያለፈበትን ጉዞ በቅደም ተከተል ስንመለከተው፣ አንድ ጥያቄ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሸጋገር እናያለን፤ ስለት ከሰው ገላ ጋር ሲገናኝ ሰውን ከቁስል የሚጠብቀው የላጪው እጅ ነውን፣ የመሣሪያው ጥበብ ነውን፣ ወይስ ሰዎች ተስማምተው የሚያጸኑት ሥርዓት ነው?

የአገሩ ሊቃውንት ስለ ምላጭ አስቀድመው የተማሩት ከቅዱሳት መጻሕፍት ነበር። ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ በፈርዖን ፊት ከመቆሙ በፊት እንደ ተላጨ፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ናዝራዊ የስእለቱ ዘመን እስኪፈጸም ምላጭ በራሱ ላይ እንዳይደርስ ሙሴ እንደ ደነገገ፣ የዳዊት መልእክተኞች በአሞን ንጉሥ እጅ የጢማቸው እኩሌታ ተላጭቶ ባፈሩ ጊዜ ጢማቸው እስኪያድግ በኢያሪኮ እንዲቆዩ እንደ ታዘዙ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ስእለቱ በክንክራኦስ ራሱን እንደ ተላጨ በየጉባኤው ይተረጐም ነበር። መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሕፃን እንኳ የሽንገላ አንደበት በተሳለ ምላጭ እንደ ተመሰለ ያውቃል። ስለዚህም በዚህ አገር መላጨት ገላን የማጽዳት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የክብርና የውርደት፣ የስእለትና የሐዘን ምልክትም ነበረ።

ያን ጊዜ ምላጭን የሚሠራው ቀጥቃጩ ነበር። ከሰሉን አንድዶ፣ በፍየል ቆዳ ወናፉ እሳቱን እያናፋ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ በመዶሻ እያሳሳ፣ ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና ካራ ከሚያወጣበት እሳት ምላጩንም ያወጣ ነበር። የምላጭ ሥራ ከማረሻ ሥራ የሚለየው በረቂቅነቱ ነው፤ ማረሻ ወፍራም ቢሆን አፈሩን ይሰነጥቃል፣ ምላጭ ግን አፉ በጣም ካልሳሳ ጠጉሩን ይነጫል እንጂ አይቈርጥም። በጣም ከሳሳም ይጎረድማል፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ ብረቱን በውኃ የሚያጠጣበትን ጊዜ በእሳቱ ቀለም ብቻ ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ባለቤቱም ምላጩን በለስላሳ ድንጋይ እየሳለ ብዙ ዘመን ይገለገልበት፣ ለልጁም ያወርሰው ነበር። ይህን ያህል ጥበብ የነበረው ባለ እጅ ግን በአገሩ ዘንድ ክብር አላገኘም። ቡዳ እየተባለ ይታማ፣ ርስት እየተከለከለ በሰው መሬት ዳር ይቀመጥ፣ ከእርሱ ጋር መጋባት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ስሙንም መገፋቱንም አብረው ተሸክመዋል። የካህኑ ራስ ለቅዳሴ ዋዜማ የሚላጨው እርሱ በሠራው ምላጭ ሆኖ ሳለ ሠሪው ከማኅበሩ ውጭ መቈጠሩ፣ የአባቶቻችንን ዘመን በምናከብርበት ጊዜ እንኳ በዝምታ ልናልፈው የማይገባን በደል ነው።

የምላጩ አገልግሎት በሕይወት ደረጃዎች ሁሉ ላይ የተሰናዳ ነበር። ወንዱ ሕፃን ራሱ ተላጭቶ በመካከሉ ቁንጮ ይተውለታል፤ እናቶችም ልጁ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል ብለው ይናገሩ ነበር። ልጃገረዲቱ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ጠጉር ሲተውላት ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባም አናቷን ታሳድጋለች። ካህኑ ጢሙን አሳድጎ፣ ራሱን ተላጭቶ ከላዩ ይጠመጥማል። ጦረኛ ግዳይ የጣለ እንደ ሆነ ጠጉሩን ይሾረባል። የቤት ራስ ወይም ልጅ በሞተ ጊዜ ደግሞ ሴቶች ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ ማቅ ለብሰው ይቀመጣሉ፤ በዚህም ነገር አንዳንድ መምህራን ለሙታን ራስን መላጨትንና ገላን መንጨትን የሚከለክለውን የኦሪት ቃል እየጠቀሱ ይገሥጹ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ራሱን በራሱ የሚላጭ ሰው አይታይም። ልጁን እናቱ፣ ሐዘንተኛዪቱን ጎረቤቷ፣ ካህኑን ባልንጀራው ይላጫሉ። ተላጪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሌላ ሰው እጅ ይሰጣል፤ በዚያ ዘመን የምላጩ መከላከያ የላጪው እጅ ብቻ ነበረ።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የታየው በአብነት ትምህርት ቤቶች ነው። የጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ የሚመሰከርበት፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ጉባኤ ናቸው፤ በእስቴ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተተከለው ቆማ ፋሲለደስም የራሱ የዜማ ስልት ወጥቶለታል። እንግዲህ ከትግሬም ከጎጃምም፣ ከሸዋም ከወሎም ተነሥቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የዕለት ምግቡን እየለመነ ወደ እነዚህ ደጆች የሚመጣው ተማሪ ባሕታዊ ያህል ንብረት የለውም። በጠባብ ጎጆ ብዙ ሆነው ስለሚያድሩ ቅማል ይራባል፤ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ የተማሪ ቤት የቆዩ ጠላቶች ናቸው፤ ላሽና ቆረቆርም የልጆቹን ራስ ያጠቃሉ። ስለዚህ የተማሪ ራስ መላጨት የትሕትና ምልክት ብቻ ሳይሆን የሕይወት መጠበቂያም ነበረ። የበዓል ዋዜማ ሲቃረብ ተማሪዎች ከምንጭ ዳር ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በውኃ አርሰው፣ ተራ በተራ ይላላጫሉ። ድጓ ነጋሪው ቅኔ ዘራፊውን ይላጫል፤ ቅኔ ዘራፊውም የዜማ ምልክት ገና የጀመረውን ታናሹን። የሩቅ አገር ልጅ በማያውቀው አገር ራሱን የሚሰጠው ከወራት በፊት ላላወቀው ጓደኛው ነው፤ ከዚህም ወንድማማችነት ይወለዳል።

በዚያው ጉባኤ ምላጭ ሌላም አገልግሎት ነበረው። ድጓውን በገዛ እጁ የሚጽፍ ተማሪ በብራናው ላይ ፊደል ወይም ምልክት የሳተ እንደ ሆነ፣ የሳተውን በስለት በጥንቃቄ ፍቆ በላዩ ያርማል። ስለቱ ጠልቆ ብራናውን እንዳይበሳ፣ ቀልሎም ቀለሙን እንዳይተው ማድረግ የራስ ቆዳን ሳይነኩ ጠጉርን ከማንሣት ጋር የሚመሳሰል የእጅ ልክ ይጠይቃል። የአገሩ ልጅ ምላጭ መያዝን የተማረው በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆች የሠሩላቸውን፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ መንገዳቸው በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ በር አድርጎ ነበር። ተራራው እየተቈፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ የተደረገው ይህ ጉዞ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ጠጉራቸውን ተሾርበው የሚታወቁት እኒህ ንጉሥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ከድል አድራጊዎቹ እንግሊዞች ወገን ከራሳቸው ጠጉር ቈርጠው ለመታሰቢያ የወሰዱ ነበሩ። በሕይወቱ ሳለ ለወዳጁ እጅ ብቻ የሚሰጥ ራስ ከሞተ በኋላ በባዕድ ስለት መነካቱ፣ ጠጉር የክብር ምልክት ለሆነበት ሕዝብ እንዴት ያለ መራራ ነገር እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ቴዎድሮስ ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባሕር ማዶ የምላጭን ታሪክ የሚለውጥ ነገር ተጀመረ። ከዚያ በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ካራ ሠሪ በረጅሙ ምላጭ ላይ የእንጨት መከላከያ አድርጎ ስለቱ ጠልቆ እንዳይገባ አስቦ ነበር። ሐሳቡ ፍጻሜ ያገኘው ግን ካምፕፌ የተባሉ በኒው ዮርክ የሚኖሩ የጀርመን ተወላጅ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ስታር ለተባለው መላጫቸው የፈጠራ መብት ባገኙ ጊዜ ነው። ይህ መላጫ ከረጅሙ ምላጭ የተቈረጠ የሚመስል፣ ጀርባው ወፍራም፣ አፉ አንድ የሆነ አጭር ስለት በብረት ቤት ውስጥ ይዞ፣ በፊቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መከላከያ የተደረገለት ነበር። ጥርሱ ቆዳውን ይዘረጋል፣ ስለቱም ከሚገባው በላይ እንዳይጠልቅ ያግደዋል። ባለቤቱ ስለቱን አውጥቶ በጠፍር ላይ እየሳለ መልሶ ይገለገልበት ነበር። ያኔ የምላጩ ጠባቂነት ከሰው እጅ ወደ መሣሪያው ተላለፈ፤ ሰውም ያለ ላጪ፣ ብቻውን በመስተዋት ፊት ቆሞ መላጨት ቻለ።

ቀጥሎ ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ፣ መሳልን ጨርሶ የሚያስቀር፣ ሲዶለዱም የሚጣል ስስ ምላጭ አሰበ። ዊልያም ኒከርሰን የተባለው መሐንዲስ ስሱን ብረት ማጠንከር የሚቻልበትን መንገድ ካገኘለት በኋላ፣ ሽያጭ በጀመሩበት እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በሚከተለው ዓመት ግን የመላጫው ቍጥር ከ90,000 በለጠ። እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ አዘዘ። የጂሌት ምላጭ ሁለት አፍ ያለው፣ ውፍረቱም ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በአንጻሩ ጄምና ኤቨር ሬዲ የተባሉት መላጫዎች የስታርን ፈለግ ተከትለው ባለ አንድ አፉን ምላጭ ይዘው ቀጠሉ፤ የእነርሱ ስለት ውፍረት ከጂሌት በእጥፍ ይበልጣል፣ በጀርባውም ታጥፎ የሚያጸናው ብረት አለው። ስለዚህ በመላጫው ውስጥ አይጎብጥም፣ አይንቀጠቀጥም።

በዚያው ዘመን በአገራችን ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። አንደኛው፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ነው። አዋጁ ያንን ያረጀ ንቀት በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ነገር ግን መንግሥት ለባለ እጁ ሲናገርለት መሰማቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለተኛው፣ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ ዕቃ ወደ መሐል አገር መግባቱ ቀለለ፤ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ መካነ ኢየሱስ ገበያ ግን መርፌውንና ክሩን፣ ጨርቁንና መስተዋቱን የሚያደርሰው ገና የሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ ነበር።

ጣልያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በበጌምድር ቆላና ደጋ የሸፈቱት አርበኞች ምላጭን ከራሳቸው አራቁ። ጠጉራቸው አድጎ ጎፈሬ ሆነ፤ አገራቸው ነጻ ሳትወጣ ላይቈርጡትም የተሳሉ ነበሩ። ይህ የናዝራዊው ስእለት በጦር ሜዳ ሲፈጸም እንደ ማየት ነው። በ1933 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደርም ተለቀቀች። ያን ጊዜ ከየዱሩ የተመለሱት ጎፈሬያሞች ስእለታቸው ስለ ተፈጸመ እንደ ገና በወዳጅ ምላጭ ሥር መቀመጥ ተገባቸው።

ከነጻነት በኋላ ስሱ የፋብሪካ ምላጭ በገጠሩ ዘንድ እየተለመደ መጣ። መደበኛው ጦር ወታደሩን ጢሙን እንዲላጭ ያስገድደው ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የዚያን ሠራዊት ዕቃና ልማድ ያወቀ ጦር ነው። በከተማ ዐረቦች በየሱቃቸው፣ በገጠር ደግሞ ሱቅ በደረቴዎች ከመርፌና ከክብሪት ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ ይሸጡ ጀመር። ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ስለ ሆነ ለድኻው የሚቀርብ ነበር። የቀጥቃጩ ምላጭም ገበያውን ለዚህ እንግዳ ቀስ በቀስ ለቀቀ።

ይሁን እንጂ የገባው ምላጩ እንጂ መላጫው አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለ ጥርሱን የብረት ቤት መግዛት የሚችለው ደመወዝተኛው ነው፤ ገበሬውና ተማሪው ባዶውን ምላጭ ያዙ። ባለ ሁለት አፉን ምላጭ በባዶ ጣት መያዝ ያዡን ስለሚቈርጥ፣ ከነወረቀቱ በቁመቱ አጥፎ በመሐል ቀጭ አድርጎ መስበር ልማድ ሆነ። በዚህ ዓይነት በአሜሪካ ከአንድ አፍ ወደ ሁለት አፍ የተሸጋገረው ምላጭ፣ በእኛ ገጠር ከሁለት አፍ ወደ አንድ አፍ ተመለሰ። ግማሹ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተይዞ፣ ወይም በተሰነጠቀ እንጨት ተጣብቆ ይላጭበታል፤ ሌላው ግማሽ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። የከተማው ጠጉር አስተካካይም እንዲሁ ግማሹን ምላጭ በመያዣው ውስጥ አስገብቶ የጢምና የማጅራት ዳር ያስተካክልበታል። ያለ ጥርስ መከላከያ፣ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል በሆነ ብረት ራስን መላጨት ከቀጥቃጩ ወፍራም ምላጭ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ነገር ግን በምንጭ ዳር የተማረው እጅ ቀድሞ ስለ ነበረ አዲሱን ብረት ለአሮጌው ጥበብ አስገዛው። የባሕር ማዶው ፈጣሪ ሰውን ከላጪ ለማላቀቅ የሠራው ምላጭ በጋይንትና በስማዳ ወንድም ወንድሙን የሚላጭበት ሆኖ ቀረ። በትምህርት ቤትም ግማሽ ምላጭ እርሳስ ይቀረጽበት፣ በየቤቱ ጥፍር ይቈረጥበት፣ ስፌት ይተረተርበት ነበር።

በደርግ ዘመን የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት፣ ከወልድያ ተነሥቶ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰው መንገድ የቴዎድሮስ መድፍ የተጎተተበትን ደጋ ለመኪና ከፈተው። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች መስተዋትና ከፍ ያለ ወንበር ያለው ጠጉር ቤት ተስፋፋ፤ ቶንዶስም ገባ። ቶንዶስ ጠጉርን አሳጥሮ ይተዋል እንጂ እንደ ምላጭ ከሥሩ ስለማያነሣ፣ ምላጩ ግን ከሥራው አልተሻረም።

በ1978 ዓ.ም. ኤድስ የተባለው ደዌ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ መታወቅ በጀመረ ጊዜ፣ ምላጭ ከዚያ በፊት ታስቦ የማያውቅ ጥያቄ ቀረበበት። አንድ ምላጭ ለአሥር ራስ፣ አንድ ምላጭ ለዋግምትም ለብጥም፣ እንጥል ለመቍረጥም፣ ሴት ልጅን ለመግረዝም፣ የሕፃን እትብት ለመቍረጥም ሲያገለግል ኖሯል፤ ለዓይን የማይታይ የደም ቅሪት ከገላ ወደ ገላ እንደሚተላለፍ ሲታወቅ የቀድሞው መተማመን ብቻውን የማይበቃ ሆነ። ስለታም ዕቃን በጋራ ያለመጠቀም ትምህርት በራዲዮ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ በየትምህርት ቤቱ ተሰበከ። በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ይህን ትምህርት ከቤት ወደ ቤት ወሰደው። የላጪው እጅ ከቁስል ቢጠብቅ፣ የብረቱ ጥርስም ከጥልቀት ቢከለክል፣ ከደዌ የሚጠብቀው ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አዲስ ምላጭ እንዲሆን የተሠራው ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት የተቀበለ ተማሪ ባልንጀራውን መላጨት አልተወም፤ ባልንጀራው የራሱን ምላጭ ይዞለት ይቀመጣል እንጂ።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉር፣ ለንደን ባለው የእንግሊዝ ጦር ሙዚየም ከኖረ በኋላ ለአገሩ ተመለሰ። ሕዝባችን ለጠጉር የሚሰጠው ክብር ከ150 ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ ይህ መመለሱ ያስረዳል። በባሕር ማዶም ቢሆን የጥንቶቹን የስታር፣ የጄምና የኤቨር ሬዲ መላጫዎች ፈልገው፣ አጽድተው ዛሬም የሚላጩባቸው ሰዎች አሉ፤ ባለ አንድ አፉ ምላጭም እስከ ዛሬ ይሠራል። አያቶቻቸው የያዙትን መሣሪያ በክብር ያኖራሉ፤ ስሙን፣ ሠሪውን፣ ዘመኑንም መዝግበው ይዘዋል።

በእኛ ዘንድ ግን በመስፍ ላይ የተቀጠቀጠው የጋይንትና የእስቴ ምላጭ የሠሪው ስም ሳይጻፍ ቀርቷል። የአሜሪካው ምላጭ ሠሪ በፈጠራው ባለጠጋና ስመ ጥር ሲሆን፣ የእኛው ባለ እጅ በዚያው ጥበብ ተሰድቦ ኖረ፤ የልጆቹም እጅ ከምላጭ ሥራ ወጣ። ይህን የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች በየቤቱ ያስቀመጡት አሮጌ ምላጭ፣ ወረንጦና ጉጠት ገና ሳይጠፋ፣ የቀጥቃጮቹም ልጆች የአባቶቻቸውን አሠራር ገና ሳይረሱ፣ የወረዳዎቹ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ዕቃውን ሊሰበስቡ፣ የሠሪዎቹንም ስም በክብር ሊጽፉ ይገባቸዋል። የቤተ ልሔምና የዙር አምባ ደቀ መዛሙርት ለተላጨ ንጹሕ ራሳቸው የሊቁን ብቻ ሳይሆን የቀጥቃጩንም ውለታ ተሸክመዋል፤ ውለታን ስም ጠርቶ መክፈል ደግሞ የአገሩ ሊቃውንት ዘወትር ያስተማሩት ነገር ነው።